እቃው ደጅ ከመውጣቱ በፊት

ኪራይ ያቃተውን ሰው ቤቱ ውስጥ ማቆየት የማን ሥራ ነው? ከባቲ የሰኞ ገበያ እስከ ዋሽንግተን፣ ከ1967ቱ አዋጅ እስከ 2016ቱ

ሰኞ ሰኞ ባቲ ትሰፋለች። በምሥራቅ፣ ከቆላው፣ አፋሮች ግመሎቻቸውን እየነዱ ይወጣሉ። በምዕራብ፣ ከኮምቦልቻ በኩል፣ ነጋዴው በአይሱዙ ጠመዝማዛውን መንገድ ይወርዳል። ከዙሪያው የገጠር ቀበሌዎች ደግሞ ማሽላውን፣ ፍየሉንና ቅቤውን የያዘው ገበሬ በእግሩ ይደርሳል። ኦሮምኛ፣ አማርኛና አፋርኛ በአንድ የዋጋ ክርክር ውስጥ ይፈራረቃሉ። ፀሐይዋ ስትበረታ የግመል ተራው አቧራ ከጣሪያው በላይ ይቆማል።

ባቲ በሩቅ የምትታወቀው በዚህ ገበያዋና በስሟ በሚጠራው የዜማ ቅኝት ነው። ገበያውን ደራ የሚያደርጉት ሰዎች ግን ከዘፈኑም ከፎቶግራፉም ውጭ ናቸው። ጫኝና አውራጁ፣ ጋሪ ነጂው፣ በመንገድ ዳር ጀበና የጣደችው ቡና ሻጭ፣ በምግብ ቤቱ ጓዳ ሰሃን የምታጥበው ልጅ። የእነዚህ ሰዎች የደመወዝ ቀን ሰኞ ነው። ገበያው ከደራ ሳምንቱ ያልፋል፤ ከቀዘቀዘ ቀጣዩ ሰኞ ይጠበቃል። የቤት ኪራይ ግን ደራ ቀዘቀዘ ብሎ ነገር አያውቅም። ወር ሲሞላ በር ያንኳኳል።

መክፈል ያቃተው ተከራይ ደጅ ከመውጣቱ በፊት መንግሥት ሊደርስለት ይችላል? ሌላ አገር ተሞክሯል። እኛም አገር፣ በሌላ መንገድ፣ ከአንድም ሦስት ጊዜ ተሞክሯል። ሰው ግማሹን ሰምቷል፤ ቀሪው ግማሽ ነው የሚያነጋግረው።

አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር

በትንሽ ከተማ የኪራይ ውል ብዙ ጊዜ የቃል ነው። አከራይና ተከራይ አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት ይጋራሉ። ተከራዩ ሲያገኝ አከራይዋ ታያለች፤ ሲያጣም ታያለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ሲያልፍ ጠብ የለም። «እማማ፣ ለሰኞ ይበሉኝ» ይላል እሱ። «አላህ ያግራልህ ልጄ» ይላሉ እሳቸው። በሁለተኛው ወር ሰላምታው ያጥራል። ተከራዩ አከራይዋ ሳይነሱ ወጥቶ ከተኙ በኋላ መግባት ይጀምራል። በሦስተኛው ወር ሽማግሌ ይቀመጣል። ሽማግሌ ካልያዘው ፍራሹ፣ ጀሪካኑና የልብሱ ሳጥን ደጅ ይወጣሉ።

ሰው እዚህ የሚደርሰው በስንፍና አይደለም። በቆላው ዝናብ ሲቀር ከብቱ ይከሳል፣ ገበያው ይሳሳል። በጸጥታ ችግር መንገድ ሲዘጋ መኪናው ይቀራል፣ ጫኝና አውራጁ እጁን አጣጥፎ ይውላል። ልጅ ስትታመም ለኪራይ የተቀመጠው ገንዘብ ክሊኒክ ይገባል። ከገጠር መጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ የሚማረው ተማሪ ደግሞ የአባቱ ማሽላ ካልያዘለት ኪራዩና ትምህርቱ አብረው ይቆማሉ።

እነዚህ ችግሮች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ያልፋሉ። ዝናቡ ይመለሳል፣ መንገዱ ይከፈታል፣ ልጅቷ ትድናለች። ቤቱ ከሄደ ግን በቀላሉ አይመለስም። ሌላ ክፍል ለመግባት ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል፣ ደላላ ድርሻውን ይፈልጋል፣ ልጅ ከትምህርት ቤቷ ትርቃለች፣ ቡና ሻጯ ደንበኞቿ የለመዱትን ጥግ ታጣለች። አንድ ወር የጎደለው ሰው ዓመቱን ሙሉ ዕዳ ሲከፍል ይኖራል።

«ችግሩ በጥቂት ወር ያልፋል፤ የቤት ማጣቱ መዘዝ ግን ዓመታት ይወስዳል።»

ሦስት ጊዜ፣ በሦስት መንገድ

የመጀመሪያው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ነው። ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገበት አዋጅ ቁጥር 47 ያን ቀን ታወጀ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደለት፤ የተረፈው ተወረሰ። ኪራይ በአዋጅ ቀነሰ። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለመንግሥት የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የቀበሌ ቤት የምንለው የከተማ ድሃ መጠለያ የዚያ አዋጅ ልጅ ነው። ትውልድ ተወልዶ አድጎበታል፣ «ልቀቅልኝ» ሳይባል ኖሮበታል። ኪራዩ ለጥገና ስለማይበቃ ግን ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ፣ ለኪራይ ብሎ ቤት የሚሠራም ለረጅም ጊዜ ጠፋ።

ሁለተኛው በኮሮና ጊዜ መጣ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት መጋቢት 30 ቀን 2012 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። አዋጁን ለማስፈጸም የወጣው ደንብ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፣ ኪራይም እንዳይጨምር ከለከለ። በዚያው ሰሞን የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የራሱን ተከራዮች የወር ኪራይ በግማሽ ቀነሰላቸው። በአገራችን የቅርብ ጊዜ ታሪክ መንግሥት ከገዛ ገቢው ቀንሶ ተከራይን ሲደግፍ በግልጽ የታየው ያኔ ነው። የደረሰው ግን የኮርፖሬሽኑ ቤት ውስጥ ለነበረው ብቻ ነው። ከግለሰብ የተከራየው እንዳይባረር ተከለከለለት እንጂ ኪራዩን የሚካፈለው አላገኘም። አዋጁ ሲያበቃ ውዝፉ ጠበቀው።

ሦስተኛው መጋቢት 24 ቀን 2016 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ነው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዕድሜው ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መንገድ እንዲፈጸም፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ብቻ እንዲደረግ አዘዘ። አዲስ አበባ ወዲያው ወደ ውል ምዝገባ ገባች። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ባሉ ከተሞች የአዋጁ ተፈጻሚነት በክልሎች ውሳኔ ላይ ያርፋል።

ሁለት ድሃ በአንድ ግቢ

ሦስቱ እርምጃዎች ሥርዓት ሲለዋወጥ በተለያየ ምክንያት የወጡ ናቸው። መንገዳቸው ግን ይመሳሰላል፤ የሚይዙት የአከራዩን እጅ ነው። ዋጋውን ይቀንሳሉ፣ ጭማሪውን ያግዳሉ፣ ማስወጣቱን ይከለክላሉ። ያጣው ተከራይ ያልከፈለውን ኪራይ በእሱ ቦታ ሆኖ የሚከፍል የለም።

ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያለው ሰው ሦስት ወር ኪራይ ቢዘገይበት እራቱ አይጎድልም። ባቲን በመሰለች ከተማ ግን አከራዩ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ባላቸው ሲሞት በግቢው ጥግ ሁለት ክፍል ቀጥለው የሠሩ እናት፣ ጡረታው አልበቃ ብሎት የልጁን ክፍል ያከራየ የቀድሞ አስተማሪ፣ ዐረብ አገር ያለች ልጅ በላከችው ብር የተሠራችን ክፍል እያከራዩ የሚተዳደሩ አዛውንት። እንዲህ ያሉ እናት ነገሩን በአጭሩ ይቋጩታል፦ «እሱ ባልከፈለ ቁጥር እኔ ዱቤ እገባለሁ። እሱን አታስወጪ የሚለኝ ለሱቁ ይክፈልልኝ።»

ከተከራዩ ወገንም ተመሳሳይ እውነት አለ። የቀን ሥራ የሚሠራ ወጣት ሕጉን ሰምቷል፤ ግን አይጠቀምበትም። «ከሴትዮዋ ጋር በሕግ ብካሰስ ነገ የት እገባለሁ? ከተማዋ አንድ ናት» ይላል። በትንሽ ከተማ መብትን ማስከበር ጉርብትናን ያስከፍላል።

የ1967ቱ አዋጅ ሳይቀር ይህን ችግር አይቶት ነበር። ከኪራይ በቀር መተዳደሪያ ለሌላቸው የቀድሞ ባለቤቶች ወርሃዊ ድጎማ አስቦላቸዋል። ያን ያህል የከረረ አዋጅ እንኳ ሁሉም አከራይ ባለጸጋ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

«የተከራዩን ሸክም ከአንዱ ድሃ ትከሻ አንሥቶ ሌላው ድሃ ላይ መጫን እርዳታ አይባልም።»

የዋሽንግተኑ መንገድ

የባቲ ልጅ ዘመድ ካለው ሥፍራ አንዱ ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ ነው። በኮሮና ጊዜ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይሠሩባቸው የነበሩት ሆቴሎች፣ የመኪና ማቆሚያዎች፣ ታክሲዎችና ምግብ ቤቶች ባንድ ጊዜ ቆሙ። የአሜሪካ መንግሥት ያኔ ሁለት ነገር አደረገ። በአንድ በኩል የጤና ባለሥልጣኑ ኪራይ ያልከፈለን ማስወጣት ለጊዜው አገደ። በሌላ በኩል ምክር ቤቱ በሁለት ዙር፣ በእነሱ አቆጣጠር በ2020 መጨረሻና በ2021 መጀመሪያ፣ በድምሩ ከ46 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለአስቸኳይ የኪራይ ድጋፍ መደበ።

አሠራሩ ሲነገር ቀላል ነው። ገንዘቡ ከፌዴራል መንግሥት ወደ ክፍለ ግዛቶችና ከተሞች ይወርዳል። ተከራዩ ገቢው እንደቀነሰና ኪራይ እንዳለበት ያመለክታል። ሲፈቀድለት ክፍያው በአብዛኛው በቀጥታ ለአከራዩ ይገባል፤ ውዝፉን፣ የሚመጡትን ጥቂት ወራትና የመብራትና የውሃ ዕዳንም ይሸፍናል። ተከራዩ ቤቱ ይቆያል፤ አከራዩም የባንክ ዕዳውን ይከፍላል። ዲሲ ለዚህ ሥራ በ2021 ያቋቋመችው ፕሮግራም ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ድረስ ማመልከቻ ተቀበለ። በከተማዋ የቋንቋ ሕግ መሠረት የመንግሥት አገልግሎት በአማርኛ ማግኘት መብት ነውና አማርኛ ተናጋሪውም በቋንቋው የመጠየቅ ዕድል ነበረው።

ሲሠራ ግን ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ገንዘቡ በካዝና ተቀምጦ ሰው በወረቀት ተጠመደ። የገቢ ማስረጃ፣ የውል ቅጂ፣ የአሠሪ ደብዳቤ ተጠየቀ። በጥሬ ገንዘብ ሲከፈለው የኖረ አስተናጋጅ ከየት ያምጣ? ጓደኛው ቤት በደባልነት የሚኖረው በስሙ የተጻፈ ውል የለውም። ተሳታፊ አንሆንም ያሉ አከራዮችም ነበሩ። የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት ኋላ ላይ መመሪያውን አላላ። ሌላ ማስረጃ ለሌለው የአመልካቹ የራሱ ፊርማ እንዲበቃ፣ አከራዩ እምቢ ካለ ገንዘቡ ለተከራዩ እንዲሰጥ ፈቀደ። ያኔ ገንዘቡ መፍሰስ ጀመረ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነሐሴ ላይ የማስወጣት እገዳውን ሲሽር ብዙ ሰው ቤቱ ያቆየው ይኸው ክፍያ ነው።

ከዚህ ልምድ ለእኛ የሚተርፈው የዶላሩ መጠን አይደለም። ክልከላ ጊዜ ይገዛል፤ ዕዳውን ግን የሚዘጋው ክፍያ ነው። ክፍያውም ዋጋ የሚኖረው ከሽማግሌው ቀን በፊት ከደረሰ ብቻ ነው።

እዚህ ምን አለ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መኖሪያ ቤት እንዲያገኙ ፖሊሲዎች ይቀረጻሉ ይላል። በተግባር ያለው ግን ተበታትኖ ነው።

በባቲ ዙሪያ ያለው ገበሬ ሴፍቲኔትን ያውቀዋል። በ1997 የተጀመረው ይህ ፕሮግራም መሥራት የሚችለውን እርከንና መንገድ እያሠራ፣ የማይችለውን በቀጥታ ድጋፍ ይይዛል። የከተማው ሴፍቲኔት ከዓመታት በኋላ፣ በ2009 ገደማ፣ ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ሰፋ። ክፍያው ለምግብና ለኑሮ ታስቦ ነው የተሰላው። ተረጂዎችን ያነጋገረ ሰው ግን ሌላ ነገር ይሰማል። «ብሩ እጄ ሲገባ መጀመሪያ የምከፍለው ቤቱን ነው። እንጀራ ከጎረቤት ይገኛል፤ ቤት ግን ከጎረቤት አይለመንም» ትላለች በፕሮግራሙ መንገድ የምትጠርግ እናት።

በ2014 የሰሜኑ ጦርነት በደሴና በኮምቦልቻ አድርጎ ወደ ባቲና ወደ ከሚሴ ሲደርስ የኪራይ ነገር ሌላ መልክ ያዘ። ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆኑ። ዘመድ ዘመዱን አስጠጋ፣ አቅም ያለው ክፍል ተከራየ። ተፈናቃይን በመጠለያ ከማከማቸት ይልቅ ለኪራይ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ መስጠት የእርዳታ ድርጅቶች በአገራችን የሚጠቀሙበት ስልት ነው። ስልቱ በተፈናቃይ ላይ ይሠራል። ገና ላልተፈናቀለው፣ ነገ ደጅ ሊወጣ ላለው ተከራይ ግን ስም ያለው ፕሮግራም የለም።

ይህን ክፍተት እስከ ዛሬ የሚሸፍነው ሕዝቡ ራሱ ነው። ወሎ ውስጥ ቅሬ የሚባለው እድር ሬሳ ቀብሮ ብቻ አይበተንም፤ ችግር የገባበትን አባል ያውቃል፣ ያዋጣል። በረመዳን የሚወጣው ዘካ የስንቷን እናት ውዝፍ እንደዘጋ ሰጪውና ተቀባይዋ ያውቃሉ። ቀበሌ ላይ ነዋሪውንና ባለሙያውን ይዞ የተዋቀረው የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት ደግሞ አቅም የሌላቸውን ይለያል። በክረምት በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። እድሳቱ የሚደርሰው ግን ቤቱ የራሱ ለሆነ ሰው ወይም የቀበሌ ቤት ላለው ነው። ተከራይ የሚታደስለት ቤት የለውም።

ቢደረግስ?

ሐሳቡን ለአንድ የወረዳ ባለሙያ ያነሣ ሰው የመጀመሪያ መልሱን አስቀድሞ ሊገምት ይችላል፦ «መንግሥት ኪራይ ይከፍላል ከተባለማ ማን ይከፍላል?» ሁለተኛው ስጋት ከደላሎች ሠፈር ይመጣል፦ «ገንዘብ እንደሚመጣ ካወቀ አከራይ ይጨምራል።» ሦስተኛውን የሚናገረው ተከራዩ ነው፦ «ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው ዘመዶቹን ይጽፋል።»

ሦስቱም ቀልድ አይደሉም። ለሦስቱም ግን መልስ አለ። ለመጀመሪያው፣ ድጋፉ ለዘለቄታ አይሆንም። ሕመም፣ ድርቅ፣ የመንገድ መዘጋት ወይም የሥራ መቆም የመሰለ የሚታይ ምክንያት ላለው፣ ለጥቂት ወራት ብቻ ይሰጣል። ለሁለተኛው፣ የ2016ቱ አዋጅ መሣሪያውን አስቀድሞ ሠርቶታል። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ ውል ይመዘገባል፤ ክፍያ በባንክ ያልፋል። ድጋፉ በአከራይዋ የባንክ ሒሳብ ሲገባ እሳቸውም ለተወሰነ ጊዜ ላለማስወጣትና ላለመጨመር ይፈርማሉ። አዋጁ ለአከራዮች ግዴታ ብቻ ሆኖ እንዳይታይ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ውላቸውን ያስመዘገቡ እናት በክፉ ቀን ኪራያቸው እንደማይቀር ካወቁ ለመመዝገብ ምክንያት ይኖራቸዋል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። የቃል ውል ባለበት ከተማ የወረቀት ማስረጃ መጠየቅ ዋሽንግተን የሠራችውን ስሕተት መድገም ነው። እዚህ ማስረጃው ሰው ነው። ማን የት እንደተከራየ፣ መቼ ሥራ እንዳጣ፣ የማን ልጅ ሆስፒታል እንደገባች የቅሬው ዳኛና ጎረቤት ያውቃሉ። የእነሱ ምስክርነት፣ የክብካቤ ጥምረቱ ማጣሪያና በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ስም ዝርዝር አብረው ሲሠሩ ለዘመድ የሚተርፈው ቀዳዳ ይጠባል። ስም መለጠፍ ሰው ያሳፍራል የሚል ክርክር አለ። አንዲት ቡና ሻጭ ክርክሩን ሰምታ ሳቀች። «ፍራሼ መንገድ ላይ ከሚሰጣ ስሜ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ አይሻለኝም?»

ባቲ የምታውቀው ነገር

በ1977ቱ ረሀብ ከወሎ ትላልቅ የእርዳታ መጠለያዎች አንዱ ባቲ ነበር። ወደዚያ የመጣው ሰው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ፣ ቤቱን ዘግቶ የመጣ ነው። እህሉ ሲደርስለት ሆዱን ያዘለት እንጂ በሬውንና ቤቱን አልመለሰለትም። አገሪቱ ከዚያ የተማረችው ትምህርት ቆይቶ ፖሊሲ ሆነ። የገጠሩ ሴፍቲኔት የተቀረጸው ገበሬው ሀብቱን ሳይጨርስ፣ ቀዬውን ሳይለቅ እንዲደርስለት ነው።

የከተማ ድሃ በሬ የለውም። ያለው አድራሻ ነው። ከአድራሻው ጋር ሥራው፣ የልጁ ትምህርት ቤት፣ ዱቤ የሚሰጠው ሱቅ፣ የቅሬ አባልነቱ ይሄዳሉ። በሬው ሳይሸጥ ድረሱ ያለ አገር፣ ኪራዩ ሦስት ወር ሳይሞላው ድረሱ ለማለት አዲስ ፍልስፍና አያስፈልገውም።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ይቀራል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። ነገር ግን ጥያቄው ሲነሣ ዛሬ የሚከፍል የሌለ መምሰል የለበትም። የተቸገረው ተከራይ ኪራይ አሁንም እየተከፈለ ነው። የሚከፍሉት ዱቤ የገቡት አከራይ እናት፣ ያዋጣው ቅሬና ከትምህርት የቀረችው ልጅ ናቸው። መንግሥት ከእነሱ ጎን ቢሰለፍ አዲስ ወጪ አይፈጥርም፤ ያለውን ወጪ ይካፈላል።